ስለ እንግሊዝኛው «ኢን» ትርጓሜና ምንጭ

በቤንዚን በርሜል ወይም በላምባ ጣሳ ላይ «ኢንፍላማብል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ሊገኝ ይችላል። ጥቂት እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ይህን ባነበበ ጊዜ፣ «ኢን» አፍራሽ ቃል ነው ብሎ ስለሚያውቅ፣ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ነገር የማይነድ ይመስለዋል። የቃሉ ትርጓሜ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፈጥኖ የሚነድ ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ኩራዝ ይዞ የቀረበ ሰው ቤቱንም ነፍሱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የዚህን አጭር ቃል ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ለመምህራን ሁሉ ይገባል።

በእንግሊዝኛ «ኢን» ተብሎ የሚጻፈው አንድ ቃል ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የእንግሊዞች የራሳቸው ጥንታዊ ቃል ነው። ብቻውን ሲቆም «በ» ወይም «በውስጥ» ማለት ነው። ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮም ይገኛል፤ ለምሳሌ «ኢንካም» የተባለው ቃል «ኢን» ከሚለውና «መጣ» ከሚለው ግሥ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ ሰው እጅ የሚመጣ ገንዘብ ማለት ነው። አማርኛም ይህንኑ ገንዘብ «ገባ» ከሚለው ግሥ አውጥቶ «ገቢ» ይለዋል።

ሁለተኛው ሮማይስጥ ከተባለው ከላቲን ቋንቋ የመጣ መነሻ ባዕድ ነው። ትርጓሜውም «ወደ ውስጥ» ወይም «በላይ» ነው። «ኢንስፓየር» ማለት በመጀመሪያ ትርጓሜው እስትንፋስን ወደ ውስጥ እፍ ማለት ነበር፤ ኋላ ግን መንፈስን ማነሣሣት ሆነ።

ሦስተኛውም ከላቲን የመጣ ነው፤ ነገር ግን አፍራሽ ነው። «ኢንፋንት» የተባለው ቃል ሕፃን ማለት ሲሆን፣ ምንጩ ሲፈታ «የማይናገር» ይሆናል። «ኢኖሰንት» የተባለውም ንጹሕ ማለት ሲሆን፣ ምንጩ «የማይጎዳ» ነው።

አንደኛውና ሁለተኛው በጥንት ዘመን ከአንድ ምንጭ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ሦስተኛው ግን ከእነርሱ ጋር ዝምድና የለውም፤ የርሱ ወንድም እንግሊዞች ከቀድሞ ጀምሮ ለማፍረስ የሚናገሩበት «አን» የተባለው ባዕድ ነው።

የላቲን ቃላት ወደ እንግሊዝኛ በብዛት የገቡት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ዓመት ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ነው። የኖርማኖች ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ፤ ፈረንሳይኛም ከላቲን የተወለደ ነው። ከዚያም ወዲህ ሊቃውንት ብዙ ቃላት ከላቲን መጻሕፍት እያወጡ ጨመሩ።

ደግሞም ከላቲን የመጡት ሁለቱ ባዕዶች እንደሚከተላቸው ፊደል ድምፃቸውን ይለውጣሉ። በ«ፕ»፣ በ«ብ» እና በ«ም» ፊት «ኢም» ይሆናሉ፤ በ«ል» ፊት «ኢል»፣ በ«ር» ፊት «ኢር» ይሆናሉ። «ኢምፖሲብል» የማይቻል ማለት ነው፤ «ኢምፖርት» ግን ዕቃን ከውጭ አገር ማስገባት ነው። መልካቸው አንድ ሲሆን ትርጓሜያቸው የተለያየ ነው።

በ«ኢንፍላማብል» ያለው እንግዲህ ሁለተኛው ነው። «ፍላማ» በላቲን ነበልባል ማለት ነው፤ ከርሱ የወጣው ግሥ «አነደደ» የሚል ትርጓሜ አለው። በአማርኛም የዚህ ምሳሌ ይገኛል። «አነደደ» እና «አልነደደም» ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እሳትን ያስነሣል፤ ሁለተኛው እሳት አለመኖሩን ይናገራል። አማርኛን በቅርብ የጀመረ እንግዳ ሰው ሁለቱን ቢያደባልቅ አያስደንቅም።

ይህ ስሕተት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ዘንድ ያሰጋ ስለ ነበረ፣ በ1920ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት በአሜሪካ የእሳት አደጋን ለመከላከል የቆመው ማኅበር «ኢን» ተትቶ «ፍላማብል» ብቻ እንዲጻፍ መከረ። ዛሬ በብዙ ዕቃ ላይ «ፍላማብል» የሚለው ቃል ከነበልባል ሥዕል ጋር ይገኛል። ሁለቱም ቃላት ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ይነዳል» ይላሉ። የማይነደውን ለመግለጽ የሚጻፈው «ኖንፍላማብል» ነው።

ስለዚህ መምህር «ኢን አፍራሽ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ማስተማር አይበቃውም። ተማሪው በ«ኢን» የሚጀምር አዲስ ቃል ባገኘ ጊዜ፣ «ወደ ውስጥ ነውን? ወይስ አፍራሽ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅና መዝገበ ቃላት እንዲመለከት ያስለምደው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ቃሉን ያላወቀ ሰው እሳቱን ከዕቃው እንዲያርቅ ያስተምረው።