የሐሳብ ልዩነት፦ ድምፅ ያነሰው ዳኛ የሚጽፈው

ዳኞች አንድን መዝገብ መርምረው ካልተስማሙ ፍርዱ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል። በሐሳብ የተለየው ዳኛ ግን ምክንያቱን ጽፎ ከፍርዱ ግርጌ ያኖራል። በእኛ መዝገቦች «የሐሳብ ልዩነት» የሚባለው ይህ ነው። ማንንም አያስቀጣም፣ ማንንም አያስከፍልም።

ታዲያ ለማን ይጻፋል? እ.ኤ.አ. በ1892 ሆመር ፕሌሲ የተባለ ሰው በሉዊዚያና ለነጮች በተለየ የባቡር ፉርጎ ተቀምጦ ተያዘ። በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ዳኞች በዘር መለያየቱን ሕጋዊ ነው ሲሉ ጆን ማርሻል ሃርላን ብቻውን ተቃወመ። የባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በፊት የባርነትን መሻር ራሱ ሲቃወም የነበረ! ሕገ መንግሥቱ ዜጋን በቀለም አይለይም ብሎ ጻፈ። ፕሌሲ ግን 25 ዶላር ተቀጣ። ያው ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት የዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1954 ነው፤ ያኔ የተለየ ዳኛ አልነበረም።

የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረችው ሩት ቤደር ጊንስበርግ ይህን ያህል አልጠበቀችም። በ2007 አብላጫው፣ ሊሊ ሌድቤተር የተባለች የጎማ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ከወንዶች ያነሰ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር ብላ ያቀረበችውን ክስ አቤቱታ ለማቅረብ የተሰጠው የ180 ቀን ጊዜ አልፎበታል ብሎ ጣለው። ባልደረባዋ ስንት እንደሚከፈለው የማታውቅ ሴት ከየትኛው ቀን ጀምራ ትቁጠር? ጊንስበርግ ተቃውሞዋን ከችሎቱ ላይ ጮክ ብላ አንብባ፣ ሕጉን እንዲያስተካክል ኳሷን ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀበለች። በጥር 2009 ሕጉ ተሻሽሎ ተፈረመ።

እርግጥ ከአብላጫው የተለየ ሁሉ ልክ አይደለም፤ አብዛኛው መዝገብ ቤት ተቀብሮ ይቀራል። በሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትማ ልዩነትን ጭራሽ አያወጣም፤ ፍርዱ የሁሉም ሆኖ ይነበባል። ለእኔ ይህ ባለጉዳዩን የሚያሳውር አሠራር ነው።

በአገራችን የሰበር ሰሚ ችሎት ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ትርጉሙ ግን በሌላ ጊዜ ሊለወጥ ይችላል፤ ለውጥ የሚጠይቅ ጠበቃ ደግሞ ክርክሩን ከባዶ አይጀምርም፣ የተለየው ዳኛ ቀድሞ ጽፎለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሰበር ውሳኔ እጅዎ ሲገባ «ትእዛዝ» ከሚለው ላይ አያቁሙ፤ የመጨረሻውን ገጽም ይግለጡ።