ስለ እንቅርትና ስለ ታይሮይድ ዕጢ

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የአክስቴ ሕመም ነው።

አክስቴ ባለፈው ዓመት በበጋ ከደጋ አገር ወደ ቤታችን ስትመጣ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች፤ ብዙ ሳትበላ ትወፍራለች፤ ሲጠሯትም ዘግይታ ትመልሳለች። እኛ ልጆቹ «እትዬ እንቅልፌ» የሚል ስም አወጣንላት። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለት ይህ ነው። ደሟ በሐኪም ቤት ሲመረመር ግን ነገሩ ስንፍና ሳይሆን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሆኖ ተገኘ።

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ፥ ቅርጹ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው። ሥራውም ሆርሞን ወደ ደም እየላከ ሰውነት ምግብን ወደ ኀይልና ወደ ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት መወሰን ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰውነት እንደ ተዳፈነ እሳት ይሆናል፤ ብርድ፥ ድካም፥ የሆድ ድርቀትና የልብ ምት መዘግየት ይከተላሉ። ሲበዛ ደግሞ ማገዶ እንደ በዛበት ምድጃ ነው፤ በሽተኛው እየበላ ይከሳል፥ ያልበዋል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ልቡ በኀይል ይመታል።

እንቅርትስ ከምን ይመጣል? ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ለአንድ ጐልማሳ በቀን 150 ማይክሮግራም ስለሚበቃው፥ አንድ ግራም 18 ዓመት ያህል ባደረሰው ነበር። ነገር ግን በተራራማ አገር ዝናብና ጐርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥበው ስለሚወስዱት፥ እህሉም ይጐድለዋል። በዚህ ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ «ሥራ፥ ሥራ» የሚል መልእክት ትልክበታለች፤ ታይሮይድም ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሲታገል ያብጣል። ከሁሉ የሚከፋው ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በብርቱ ሲጐድላት ነው፤ የፅንሱ አእምሮ ይጐዳል፥ ጉዳቱም በኋላ አይመለስም።

መከላከያው በየቤታችን ያለው ጨው ነው። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በምግብ ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር ያዝዛል። እኛም ጨዉን ከድነን፥ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀን እናስቀምጥ፤ ወጥ ውስጥም የምንጨምረው ሊወጣ ሲል ይሁን።

ዛሬ አክስቴ በየማለዳው በባዶ ሆዷ አንዲት ክኒን ትውጣለች። እንቅርቷ ፈጽሞ ባይጠፋም ከእኛ ቀድማ ትነሣለች። እኔም ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሰውን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ሐኪም እንዲያየው ምከሩት።