መዝጊያ ያለው ቀዳዳና የሌለው

የቡና ቅጠል ፊቱ ያብረቀርቃል፤ ጀርባው ግን ደብዘዝ ይላል። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ያሉት በዚህ በጀርባው በኩል ነው። ጀርባውን ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ቀብቶ፣ ሲደርቅ በፕላስተር ልጦ በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ሰው ከንፈር የመሰሉ ጥቃቅን አፎች ተበትነው ያገኛል። ስቶማታ የሚለው ስማቸውም በግሪክኛ «አፎች» ማለት ነው።

እያንዳንዱን አፍ እንደ ባቄላ ፍሬ የጎበጡ ሁለት ሕዋሶች ከግራና ከቀኝ ይጠብቁታል። ሲነጋ ፖታስየም ያስገባሉ፤ ፖታስየሙን ውሃ ይከተለዋል፤ ሕዋሶቹም ይነፋሉ። በቀዳዳው በኩል ያለው ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ሲነፉ ይለመጣሉ፤ መሃላቸውም ይከፈታል። ውሃ ሲያጥር ይሟሽሹና አፉ ይገጥማል።

በተከፈተው አፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ውሃ ደግሞ ይተናል። ሥር ከመጠጠው ውሃ ከ100 እጅ ከ95 የሚበልጠው በዚሁ ይወጣል። ብክነት ይመስላል፤ ይሁንና ውሃን ከሥር እስከ ዛፍ ጫፍ የሚስበው ይኸው ትነት ነው። የቁልቋል በለስ ግን ቆጣቢ ነው፦ ቀን ዘግቶ ይውልና ሌሊት ይከፍታል፤ ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አቆይቶ በማግስቱ በፀሐይ ምግብ ይሠራበታል።

ክፍት በር ሌባም ያስገባል። የቡና ቅጠል ዝገት የሚያመጣው ፈንገስ ቅጠሉ ሲረጥብ በነዚሁ አፎች ይሾልካል፤ ኋላ በጀርባው የሚታየው ብርቱካንማ ዱቄትም በነሱው ይወጣል። በ1869 እ.ኤ.አ. ሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የታየው ይህ በሽታ የደሴቲቱን ቡና አጥፍቶ አልሚዎቹን ወደ ሻይ አዙሯቸዋል።

የሰው ቆዳም ላብ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት። በቆዳው ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች አሉ፤ ይበልጥ ተጠጋግተው የሚገኙት በመዳፍና በውስጥ እግር ነው። ያላበው ጣት በአጉሊ መነጽር ሲታይ በአሻራው ሸንተረሮች ላይ ላቡ እንደ ጤዛ ነጠላ ነጠላ ሆኖ ተደርድሯል። እነዚህ የላብ ቀዳዳዎች ግን እንደ ቅጠሉ አፎች መዝጊያ የላቸውም። «ሙቅ ውሃ ይከፍታቸዋል፣ ቀዝቃዛ ይዘጋቸዋል» የሚባለው የውበት ሳሎን ወሬ ነው፤ እንፋሎት የሚያደርገው የቆዳውን ወዝ ማለስለስ ብቻ ነው። ላብ ይፍሰስ ወይም ይቁም የሚለው ትእዛዝ ከአንጎል የሚደርሰው ለዕጢው ነው።

ሰውነት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ላቡ ስለወጣ ሳይሆን ስለተነነ ነው። በደረቅ አየር ላብ ሳይታይ ይደርቃል። በሐምሌ በዱባይ ግን አየሩ በእርጥበት ይሞላል፤ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ልብሱ ይበሰብሳል፣ ሙቀቱ ግን አይቀንስም።