ፌዝ 7 እና የእጅ መሪዋ

የአሜሪካ መርኩሪ መንኮራኩር ስትነደፍ ሰው እንዲነዳት ታስቦ አልነበረም። ሰው ክብደት አልባ ሆኖ ማሰብና መሥራት መቻሉ ገና አልተረጋገጠምና መሐንዲሶቹ ሁሉን ነገር ለአውቶማቲክ ሥርዓት ሰጡ። ሙያቸው አብራሪነት የሆነው ጠፈርተኞች ግን እንደ ዕቃ ተጭነው መሄድ አልተዋጠላቸውም። ፊት ለፊት የሚያሳይ መስኮት ይደረግልን፣ በመንዳቱም ድርሻ ይኑረን ብለው ተሟገቱ። ደግም አደረጉ።

የመርኩሪ የእጅ መሪ በጣም ቀላል ነገር ነው። ከእጀታው የሚነሱ ዘንጎች ቫልቮችን ይከፍታሉ፤ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚወጣው ትኩስ እንፋሎት በአንድ ወገን ሲተነፍስ መንኮራኩሯ ወደ ሌላው ትዞራለች። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ይህች ነገር ዋጋዋ የታወቀው በፕሮግራሙ የመጨረሻ በረራ ነው።

ጠፈርተኛው ጎርደን ኩፐር እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1963 ፌዝ 7 በተባለችው የመርኩሪ መንኮራኩር ብቻውን ተነሣ። 18 ዙር ያህል ሁሉም ሰላም ነበር። በ19ኛው ላይ አንድ መብራት በራ፤ መንኮራኩሯ ወደ ከባቢ አየር መግባት ጀምራለች ማለቱ ነው። በምድር ያሉት ተቆጣጣሪዎች ምሕዋሯን ቢፈትሹ ንቅንቅ አላለችም። መብራቱ ውሸቱን ነው። ችግሩ ግን አውቶማቲኩም ይህንኑ ውሸት አምኗል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበሩትን ተግባራት እንደተፈጸሙ ቆጥሮ ይዘላቸዋል። ቀጥሎ አቅጣጫ ጠቋሚዎቹ ጠፉ። በ21ኛው ዙር ደግሞ የኤሌክትሪክ ሾርት ተፈጠረና አውቶማቲኩ ከነአካቴው ኃይል አጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየጨመረ፣ ሙቀቱም እየበረታ ነበር።

ከምሕዋር ለመውረድ ፍሬን የሚሆኑት ሦስት ሮኬቶች በትክክለኛው ማዕዘንና በትክክለኛው ቅጽበት መተኮስ አለባቸው። መንኮራኩሯ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ስለምትበር የአንድ ሰከንድ መዘግየት የማረፊያውን ቦታ በዚያው ልክ ያርቀዋል። ከዓመት በፊት ሌላው የመርኩሪ ጠፈርተኛ ስኮት ካርፔንተር በ3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተኩሶ፣ አቅጣጫውም ተዛብቶበት፣ ከታሰበው ቦታ 400 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ባሕር ላይ ወድቋል።

ለኩፐር የቀረው መስኮቱ፣ የእጅ ሰዓቱና መሪው ነው። በመስኮቱ ላይ የተሰመሩትን መስመሮች ከአድማሱ ጋር አስተካክሎ መንኮራኩሯን አዘነበላት። በጃፓን አቅራቢያ በቆመች መርከብ ላይ የነበረው ባልደረባው ጠፈርተኛ ጆን ግሌን በሬዲዮ ቁልቁል ቆጠረለት፤ ኩፐርም ተኮሰ። መንኮራኩሯ በአየሩ ውስጥ ስትንገጫገጭ በእጁ እያረጋጋ፣ ፓራሹቱንም ራሱ እየከፈተ ወረደ። በሚድዌይ ደሴት አቅራቢያ ስትጠብቀው ከነበረችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከኪርሳርጅ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ አረፈ። ሁሉ ነገር በሠራላቸው የመርኩሪ በረራዎች እንኳ እንዲህ የቀረበ ጥቂት ነው።

ኋላ መንኮራኩሯ ተፈትታ ስትመረመር የጣጣው ሁሉ ምንጭ ተገኘ፦ በሽቦ ማገናኛዎች ውስጥ የገባ እርጥበት።