ከቤተ ሙከራ እስከ ቤተሰብ፦ የኦቲዝም ተመራማሪዎች ረጅም ጉዞ

በአውሮፓውያኑ 1983 በአሜሪካዋ ሂዩስተን ከተማ የሕፃናት ነርቭ ሕክምና ይሠለጥኑ የነበሩት ሊባኖስ የተወለዱት ዶክተር ሁዳ ዞግቢ አንዲት ትንሽ ልጅ መረመሩ። ልጅቷ እንደ እኩዮቿ ስታድግ ከቆየች በኋላ የለመደችውን አንድ በአንድ ማጣት ጀምራ ነበር። እጆቿንም ያለማቋረጥ ታሻሽ ነበር። ሕመሙ ሬት ሲንድረም ይባላል። በአብዛኛው ሴት ልጆችን የሚያጠቃ ሲሆን አንዳንድ ምልክቶቹ ከኦቲዝም ጋር ይመሳሰላሉ።

ሐኪሟ መንስኤውን ፍለጋ ከምርመራ ክፍል ወደ ቤተ ሙከራ ገቡ። ለሕመሙ ምክንያት የሆነው ዘረ መል በእርሳቸው ቡድን የተለየው እአአ በ1999፣ ማለትም ከ16 ዓመታት በኋላ ነበር። በ2007 በስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይኸው ዘረ መል ዳግም ሥራውን እንዲጀምር ሲደረግ በአይጦች ላይ የታዩት ምልክቶች ሊቀለበሱ እንደሚችሉ አሳዩ። ለሕመሙ ተብሎ የተዘጋጀው የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ደግሞ በ2023 ነው። እሱም ቢሆን ምልክቶችን ያቃልላል እንጂ ፈጽሞ አይፈውስም።

ይህ ረጅም መንገድ በሳይንሱ ዓለም 'ትራንስሌሽናል ምርምር' ይባላል። የቤተ ሙከራ ግኝትን ወደ ሕክምና፣ ሕክምናን ደግሞ ወደ ሰዎች የዕለት ተዕለት ሕይወት የማሸጋገር ሥራ ነው።

ምን ዓይነት ሙያ ነው?

ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት ሲሆን ሰው ከሌሎች ጋር በሚግባባበት መንገድ፣ በባሕርይና በስሜት ሕዋሳት ላይ ይገለጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል።

ወደዚህ የምርምር መስክ የሚገቡ ሰዎች መነሻ የተለያየ ነው። ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ የዘረ መል ተመራማሪዎችና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ይገኙበታል። ከመጀመሪያ ዲግሪና ከማስተርስ በኋላ የዶክትሬት ጥናት፣ ቀጥሎም በሌሎች ተመራማሪዎች ሥር የሚያልፉ የልምምድ ዓመታት አሉ። የራስን ቡድን ማቋቋም የሚቻለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገንዘቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ ተመራማሪው የጀመረውን ሳይጨርስ አዲስ ድጋፍ ለማፈላለግ ይገደዳል።

ሥራው ባዶ እጅ የሚያስቀርበትም ጊዜ አለ። ቡሜታናይድ የተባለውና ለሌላ ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት በትናንሽ ጥናቶች ለኦቲዝም ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ሆኖም በብዙ ሕፃናት ላይ የተካሄዱ ሁለት ትላልቅ ሙከራዎች ጥቅም ባለማሳየታቸው እአአ በ2021 ተቋረጡ። በአይጥ ወይም በጥቂት ሕፃናት ላይ የታየ ውጤት በብዙዎች ላይ ላይደገም ይችላል፤ ይህን በሐቀኝነት መናገርም የሙያው ግዴታ ነው።

መለኪያው ለማን ተሠራ?

በምሥራቅ አፍሪካ ከመድኃኒት ፍለጋ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ አንድ ልጅ እገዛ እንደሚያስፈልገው በምን ይታወቃል?

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው የኦቲዝም መመርመሪያዎች የተዘጋጁት በአሜሪካና በአውሮፓ ሲሆን ዋጋቸውም ውድ ነው። ከታወቁት በአንዱ፣ መርማሪው ከልጁ ጋር ለአሻንጉሊት የልደት በዓል ያከብራል። ልደት ተከብሮለት የማያውቅ ልጅ ጨዋታው ግር ቢለው የኦቲዝም ምልክት ነው ማለት አይቻልም። በታላላቆች ፊት ዓይንን መስበር ጨዋነት በሆነበት ማኅበረሰብ ደግሞ ልጁ ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ በጥንቃቄ መመዘን አለበት።

ኬንያዊቷ ፕሮፌሰር አሚና አቡበከር የሙያ ሕይወታቸውን የጀመሩት በዚህ ጥያቄ ነው። በኬንያ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኪሊፊ፣ የአካባቢው ሰው በሚያውቃቸው ቁሳቁሶች የሕፃናትን እድገት የሚለካ መሣሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር አዘጋጁ። በኔዘርላንድስ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙት ፕሮፌሰሯ፣ በናይሮቢ በአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ የሰው ልጅ እድገት ተቋምን መርተዋል።

የዘረ መል ጥናትም ተመሳሳይ ክፍተት አለበት። አብዛኛው መረጃ የተሰበሰበው አውሮፓዊ የዘር ግንድ ካላቸው ሰዎች በመሆኑ፣ በአንድ አፍሪካዊ ልጅ ላይ የተገኘ የዘረ መል ለውጥ የሕመም ምክንያት ይሁን የተለመደ ልዩነት ለመለየት ያስቸግራል። ኒውሮዴቭ የተሰኘው ጥናት በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ለማሳተፍ የታቀደው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይ፣ የተከፈተው በሳይንቲስት አልነበረም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እአአ በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ መሠረቱት፤ መሥራቿ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ኋላ የተካሄዱ ጥናቶች አገልግሎቱ ባመዛኙ በዋና ከተማዋ ተወስኖ መቅረቱን አመልክተዋል።

እአአ በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን አነጋግሯል። ብዙዎቹ መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል። ለልጁ ሁኔታ ሕክምናዊ ምክንያት የሚሰጡ ወላጆች እርግማንን ወይም ክፉ መንፈስን ጭምር ይጠቅሱ ነበር። ከሁሉ በላይ የጎደላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁም ትምህርትን አስቀደሙ።

ለዚህ ምላሽ ይሆናሉ ተብለው ከሚፈተኑት አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና ነው። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች ወላጆች የሚሰጥ ሲሆን ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝቶች አሉት። አሠልጣኙ የግድ የሕክምና ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። ወላጆች ጨዋታን፣ ልብስ ማልበስንና ማዕድ መቁረስን ልጁን ለማነጋገሪያ እንዲጠቀሙባቸው ያስተምራል። የኢትዮጵያና የኬንያ ተመራማሪዎችም ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ሥልጠናውን በአካባቢ ቋንቋና ባህል አስማምተው ውጤቱን ይመረምራሉ።

በዚህ ዘርፍ ተመራማሪው ጽሑፉን ስላሳተመ ሥራው አያበቃም። ሥልጠናው የምርምሩ ገንዘብ ካለቀ በኋላም በጤና ጣቢያው መቀጠሉ መረጋገጥ አለበት። ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ርቃ የምትኖር እናት ግኝቱን የምታውቀው በዚያ ብቻ ነው፤ ልጇ በአምስት ዓመቱ ያላገኘውን እገዛ በአሥራ አምስት ዓመቱ ቢያገኝ ያለፈውን ጊዜ አይመልስለትም።