ዝናብ ያጠረበት ዓመትም ይቆጠር፦ የቆቦ ማሽላ መረጃ ከካልኩሌተር እስከ ኮድ

በአማራ ክልል የግብርና ምርምር መድረኮች ላይ ቆቦ ደጋግማ የምትነሳ ስም ናት። የማሽላ ዝርያ ሲመዘን፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ሲፈተሽ፣ እርጥበት ማቆያ ቦይ ሲሞከር ቆቦ የምትገኝበት የራያ ቆላ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋው ይህ ሜዳ አፈሩ ለም፣ ዝናቡ ግን እምነት የማይጣልበት ነው። ይህ ዳሰሳ ከሜዳው የተሰበሰበው መረጃ ባለፉት አምስት አሥርት ዓመታት እንዴት እንደተሰላና ለጉባኤ እንዴት እንደቀረበ ይቃኛል (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የስሌቱ መሣሪያ እጅግ ተራቅቋል። የቆቦ ገበሬ አብዝቶ የሚፈራው ዓመት ግን ከስሌቱ ሲወጣ ኖሯል፤ ይህን ለማረም የሚያስችለው አቅም ዛሬ በእጃችን አለ።

የደብተርና የካልኩሌተር ዘመን

በ1970ዎቹ በዓለማያ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት በዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳን መሪነት ዝርያዎችን በተለያየ የአየር ጠባይ ሲፈትሽ ከቆላ ጣቢያዎቹ አንዷ ቆቦ ነበረች። የሙከራው ሥርዓት እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በሮታምስቴድ የእርሻ ጣቢያ ያበጀው ነው። እያንዳንዱ ዝርያ በተለያዩ መደቦች ላይ ተደጋግሞ ይዘራል፣ ቦታው በዕጣ ይደለደላል፣ ከዚያ ልዩነቱ የዝርያ ይሁን የአፈር በስሌት ይለያል። ስሌቱ በካልኩሌተርና በወረቀት ስለሚሠራ የብዙ ጣቢያዎችን ውጤት አንድ ላይ ማስላት አድካሚ ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጣቢያ ሠንጠረዥ ለብቻው መቅረቡ የተለመደ ነበር። ዘዴው ቀርፋፋ ቢሆንም ቆቦን እንደ ቆቦ ያሳይ ነበር።

አማካዩ የበላይ ሲሆን

በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤምስታት-ሲ የተባለው የስሌት ፕሮግራም በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ወደ ምርምር ጣቢያዎች ሲገባ ቀናት የሚፈጀው ሥራ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ። የብዙ ጣቢያዎችንና የብዙ ዓመታትን መረጃ አዋህዶ ማስላትም የተለመደ አሠራር ሆነ። ዝርያ አጽዳቂው አካል የሚጠይቀው ይህንኑ የተዋሐደ ውጤት በመሆኑ ጥቅሙ ትልቅ ነበር።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። በሙከራው መደቦች መካከል ያለውን መዋዠቅ የሚለካው፣ ተመራማሪዎች በአጭሩ ሲቪ የሚሉት ምጣኔ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ የጣቢያው ውጤት አስተማማኝ አይደለም ተብሎ ከተዋሐደው ስሌት ይወጣል። ሙከራው በቁጥጥር ጉድለት ከተበላሸ ይህ ተገቢ ነው። በቆቦ ግን መዋዠቁን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ድርቅ ነው። ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መግቢያ ሲቋረጥ ማሽላው በማበቢያው ሰዓት ውሃ ያጣል። ውሃ ያቆረው መደብ ፍሬ ሲይዝ ጎኑ ያለው ባዶ አገዳ ይሆናል፤ ሲቪውም ይንራል። እንዲህ ያለው ዓመት ከሠንጠረዡ ሲወጣ የሚቀረው አማካይ የደህና ዓመታት አማካይ ነው። ለገበሬው የሚደርሰው ምክርም በዚያ ላይ ይመሠረታል፤ ገበሬው ዘር ሲመርጥ የሚያስበው ግን ያንን የተሰረዘውን ዓመት ነው።

የክልሉ ጉባኤ ዘርፎች

የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ በኋላ የተጠናቀቁ ምርምሮች የሚቀርቡበት ዓመታዊ ክልላዊ ጉባኤ በባሕር ዳር ይካሄድ ጀመር። ከወልድያ በስተደቡብ ያለው የሲሪንቃ ማዕከል የቆቦን ሙከራዎች ይዞ የሚቀርበው በዚህ መድረክ ነው። አቀራረቡ በሰብል፣ በእንስሳት፣ በአፈርና ውሃ፣ በደን ተከፋፍሏል፤ የገበሬውን ኑሮና ገበያ የሚያጠኑት ደግሞ የራሳቸው ዘርፍ አላቸው።

በእነዚህ ዓመታት የሰብሉ ዘርፍ ሳስና ጄንስታት ወደተባሉት ፕሮግራሞች ተሸጋገረ። ጥያቄውም ተለወጠ። «የትኛው ዝርያ ብዙ ይሰጣል?» ይባል የነበረው «የትኛው ዝርያ የት ይጸናል?» ሆነ። በ1988 የተስፋፋው አሚና በ2000 የመጣው ጂጂኢ ባይፕሎት የተባሉት ዘዴዎች ዝርያዎችንና ቦታዎችን በአንድ ሥዕል ላይ በነጥብ ስለሚያሳዩ ቆቦ ከሌሎቹ ጣቢያዎች የቱን ያህል እንደምትለይ በዓይን መታየት ጀመረ። ሲሪንቃ ያወጣቸው እንደ ሆርማትና ግራና-1 ያሉ ዝርያዎች የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽርም በዘመኑ መባቻ ለኢትዮጵያ ገበሬ የተለቀቁ ናቸው፤ ያበለጸጓቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

በዘርፍ መከፋፈሉ ግን አንድ ክፍተት ትቷል። የራያ ገበሬ እንደ ደጋሌትና ጅጉርቲ ያሉትን ረጃጅም የአገር ዘሮች የሚወደው ለእህላቸው ብቻ አይደለም። አገዳቸው የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። ፈጥኖ የሚደርሰው አጭር ዝርያ ከድርቅ ቢያመልጥም አገዳው ያንሳል፣ ቀድሞ በማፍራቱም ወፍ ይወርድበታል። ይህን የሚናገረው የገበሬ ቃል በኤስፒኤስኤስ ወይም በስታታ ፕሮግራም ተሰልቶ በአንዱ አዳራሽ ይቀርባል፤ የምርቱ ኩንታል በሌላው። የገበሬ ተሳትፎ ያለበት የዝርያ መረጣ ሁለቱን ለማቀራረብ ሞክሯል፤ ያም ሆኖ የገበሬው ነጥብ ከዋናው ስሌት ጎን የሚቀመጥ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ከመሆን ብዙም አላለፈም።

ኮዱ ሲገለጥ

በኒውዚላንድ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት፣ በ2000 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው አር የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ባለፈው አሥርት ዓመት የእኛንም ተመራማሪዎች ስቧል። በነፃ የሚገኝ ነው፤ ፔሩዊው ፌሊፔ ዴ ሜንዲቡሩ ለእርሻ ሙከራ ያዘጋጀው አግሪኮሌ የተባለው ጥቅልም ሥራውን አቅልሎታል። የአር ተጠቃሚዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2004 በቪየና ከተጀመረ ወዲህ በዘርፎቹ ውስጥ የቦታ ስሌት፣ የመረጃ ሥዕልና ውጤትን ደግሞ የማረጋገጥ አሠራር ቦታ አግኝተዋል። በዚያ መድረክ የሐኪሙና የአግሮኖሚስቱ መረጃ በአንድ ዘዴ ሥር ይገናኛል። በእኛ ዘንድ ግን ስታትስቲክስ «የአሠራር ዘዴ» በሚለው ክፍል አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ያልፋል።

ለቆቦ ትልቁ ዕድል ያለው አር በከፈተው የስሌት አቅም ላይ ነው። ቅይጥ ሞዴል የሚባሉት ዘዴዎች የጎደለና ያልተመጣጠነ መረጃን ሳይጥሉ ያሰላሉ። የእያንዳንዱን ጣቢያ መዋዠቅ በራሱ ልክ ስለሚመዝኑ የተናወጠ ዓመት በመናወጡ ብቻ አይሰረዝም። የመደቦቹን አቀማመጥ የሚያሰላው የቦታ ትንተና ደግሞ ውሃ ያቆረውን ጥግ ከደረቁ ይለያል። ከሳተላይትና ከጣቢያ ልኬት ተጣምሮ የሚሠራው ቺርፕስ የዝናብ መረጃ ከ1981 ጀምሮ ያለውን የሚሸፍን ሲሆን በነፃ ይገኛል። እንደ 2015ቱ የኤልኒኖ ድርቅ ያለ ዓመት ከዚህ ጋር ሲገናኝ ዝናብ በየትኛው ሳምንት ሲቋረጥ የትኛው ዝርያ እንደሚተርፍ የሚነግር ምስክር ይሆናል።

መረጃው ከሌለ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጥሬው መረጃ ካለ ነው። በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ቆቦንና አካባቢዋን ሲያጥለቀልቅ የሲሪንቃ ማዕከል ለዝርፊያና ለውድመት ተዳርጓል። የተጠቃለለ ሠንጠረዥ በታተመ ጥራዝ ይተርፋል፤ የእያንዳንዱ መደብ ልኬት ግን በቢሮ ኮምፒውተርና በደብተር ብቻ ከተቀመጠ ከቢሮው ጋር ይጠፋል። አማራጩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር ከ2011/12 ጀምሮ የሚያካሂደው የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ጥናት የቤተሰብ መረጃ፣ የመላሾቹ ማንነት ተሰውሮ፣ ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። የሙከራ መደብ መረጃ የሚሰውረው የሰው ምስጢር ስለሌለው ይህን ማድረግ ከዚያ ይቀላል።

ስለዚህ ጉባኤው ለመረጃና ለትንተና የራሱን ዘርፍ ይክፈት፤ የሰብሉና የገበሬው ጥናት እዚያ በአንድ ስሌት ይገናኙ። እያንዳንዱ አቅራቢ ከጽሑፉ ጋር ጥሬውን መረጃና ኮዱን ከማዕከሉ ውጭ በሚቀመጥ የጋራ ማኅደር ያስረክብ። ከተዋሐደ ስሌት የሚወጣ ጣቢያና ዓመት ካለም ምክንያቱ ይጻፍ፤ ምክንያቱ ድርቅ ከሆነ ይመለስ። የራያ ቆላ ገበሬ የሚፈልገው በክፉ ቀን የሚያወጣውን ዘር ነው፤ ያንን ለማወቅ ክፉውን ቀን ከመቁጠር ሌላ መንገድ የለም።