በአረጋውያን ዘንድ የመርሳት ሕመምና የድብርት ብዛት ስለሚለካበት መንገድ

አንድ ሕመም በሕዝብ መካከል ምን ያህል እንደ ተስፋፋ መለካት ላይ ላዩን ሲያዩት የቈጠራ ሥራ ብቻ ይመስላል። የሕመምተኞቹ ቍጥር ለጠቅላላው ሕዝብ ቍጥር ከተካፈለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ዳሩ ግን የመርሳት ሕመምና ድብርት በመንደር ጥናት ላይ እንደ ወባ በአንድ ጠብታ ደም የሚለዩ ስላልሆኑ፣ ቈጠራው የሚቆመው በጥያቄና በመልስ ላይ ነው። ጥያቄና መልስ ደግሞ ከቋንቋና ከልማድ አይለይም። ስለዚህ ልኬቱ ከሐኪሙ ዕውቀት ጋር የሕዝብን ኑሮ የሚያጠናውን ሰው ዕውቀት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ችግር የትምህርት ነው። ፎልስቲንና ባልደረቦቹ በ1975 ያወጡት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባለ 30 ነጥብ መመርመሪያ ዕለቱንና ወቅቱን ይጠይቃል፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቍጠርንና አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍንም ያዛል። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ አእምሮው የነቃ ቢሆንም በዚህ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በዚህም ምክንያት ያልታመመው ከታመሙት ጋር ይቈጠራል።

ይህን ለማረም ከተደረጉት ሥራዎች መካከል በናይጄርያ በኢባዳን ከተማና በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ የተካሄደው ጥናት ዋነኛው ነው። ሄንድሪ፣ ኦሱንቶኩንና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 2494 ዮሩባዎችንና 2212 ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ ዓይነት መመርመሪያ መረመሩ። መመርመሪያው አረጋዊውን ከመጠየቅ በቀር አብሮት የሚኖረውን ዘመድም ይጠይቃል፤ ከዚያም በውጤታቸው የተመረጡት በሐኪም ይታያሉ። የልደት መዝገብ ስላልነበረ የኢባዳን አረጋውያን ዕድሜ የተገመተው በታወቁ የታሪክ ድርጊቶች ዝርዝር ነው። በ1995 በወጣው ውጤት መሠረት የመርሳት ሕመም በኢባዳን 2.29 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ በየቤታቸው በሚኖሩት ዘንድ 4.82 በመቶ ሆነ። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ያሉት ሲጨመሩ ግን የኢንዲያናፖሊሱ ወደ 8.24 በመቶ ከፍ አለ። ከዚህ እንደሚታየው፣ ሕመምተኛው የሚፈለግበት ስፍራ ራሱ ቍጥሩን ይለውጠዋል።

ከዚህም በቀር የሕመምተኞች ብዛት የሚወሰነው በየዓመቱ አዲስ በሚታመሙት ቍጥር ብቻ አይደለም፤ ከታመሙ በኋላ በሕይወት በሚቆዩበት ዘመን ጭምር ነው። ሕመምተኞች ፈጥነው በሚሞቱበት አገር ሕመሙ ጥቂት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አዲስ የሚታመሙትን ለብቻ ቈጠሩ። በ2001 እንዳስታወቁት በየዓመቱ አዲስ የሚታመሙት በኢባዳን 1.35፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ልዩነቱ በሞት ፍጥነት ብቻ የመጣ አልነበረም።

ሁለተኛው ችግር የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም የታመመው ጤነኛ ተብሎ መቈጠሩ ነው። በ1998 የተመሠረተው 10/66 የተባለው የምርምር ቡድን ስሙን ያገኘው፣ ከሕመምተኞቹ 66 በመቶ የሚሆኑት በድኾች አገሮች ሲኖሩ፣ በሕዝብ መካከል ከተደረገው ጥናት ግን ከ10 በመቶ ያነሰው ብቻ በእነዚያ አገሮች በመካሄዱ ነው። ቡድኑ በሰባት አገሮች 15 ሺህ ያህል አረጋውያንን መርምሮ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መስፈርት ሲለካ የመርሳት ሕመም በሕንድ ገጠር 0.3 በመቶ ብቻ፣ በኩባ ግን 6.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ ራሱ ባዘጋጀው መለኪያ ሲታይ ግን ከቻይና ገጠር 5.6 በመቶ እስከ ዶሚኒካን ሪፑብሊክ 11.7 በመቶ ደረሰ። የአሜሪካው መስፈርት ሰውየው የዕለት ተግባሩን መፈጸም እንዳቃተው ማረጋገጫ ይፈልጋል። ልጆችና ምራቶች የሚያጐርሱት፣ ሥራ የማይጠበቅበት ሽማግሌ ግን ምን እንዳቃተው ማን ያስተውላል?

የድብርትም ልኬት እንዲሁ ነው። ለአረጋውያን የተዘጋጀው ባለ 12 ጥያቄ መመዘኛ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካምና ስለ ዕንባ ይጠይቃል፤ እነዚህ ሁሉ ግን ከሥጋ ደዌ፣ ከድኽነትና ከሙት ልቅሶም ሊመጡ ይችላሉ። በሕንድ በጎዋ በተደረገ የ2001 ጥናት ሰዎች ሁለቱንም ሁኔታዎች ሲነገራቸው ለይተው ያውቋቸው ነበር፤ ነገር ግን የጤና ችግር አላሏቸውም፤ መነሻቸውንም የልጆች ፍቅር ማጣት አደረጉት። ከዚህም ሌላ የተደበተ ሽማግሌ ለጥያቄው ሁሉ «አላውቅም» ሲል የመርሳት ሕመምተኛ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለያይቶ መመርመር ግድ ነው።

ይህ ነገር ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በቡታጅራ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች የተደረገው ታላቅ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቢያዳርስም፣ የተመለከተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነበር፤ አረጋውያን ከዚያ ቈጠራ ውጭ ናቸው። ወደ እነርሱ የሚሄድ ጠያቂ አስቀድሞ ቋንቋውን መመርመር አለበት። «ጃጀ» የሚለው ቃል የዕድሜን መግፋት እንጂ ሕመምን አይናገርም። «ኀዘን» ደግሞ የልብን ማዘንና የሙት ልቅሶን በአንድነት ስለሚይዝ፣ «ኀዘን ነበረብዎ ወይ?» የተባለች ባልቴት ማን እንደ ሞተባት ትናገር ይሆናል። ዕድሜን ለማወቅም «የታኅሣሥ ግርግር (በ1953 ዓ.ም.) ሲሆን ተወልደው ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ተግባርም በአገሩ ሚዛን ይመዘን፦ ለሽምግልና ሲቀመጥ የሁለቱን ወገን ነገር አጥርቶ ይይዛል ወይ? የዕድሩን ቀን ያስታውሳል ወይ? መርዶውን የሰማውን ዘመድ «ደኅና ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል ወይ? በወጡ ላይ ጨው ደግማ ትጨምራለች ወይ?

የቍጥሩ ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። ሕመሙ የለም ተብሎ ለተጻፈበት አውራጃ ሐኪምም ረዳትም አይመደብለትም፤ አረጋዊቱን ሌሊት የምትጠብቅ ልጅም ሸክሟን ብቻዋን እንደ ተሸከመች ትቀራለች።